የሐጂን ወፍጮ ለማስነሳት ስንታገል የያዝኩት ማስታወሻ

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የወፍጮ ቤቱ በር ዛሬ ተከፈተ። ጓጉንቸሩ ዝጎ አልላቀቅ ሲል ማንዌላ መዶሻ አነሳና በአንድ ምት ገነጠለው። የሐጂ ልጅ ዘይት ሊያመጣ ሄዶ ሲመለስ በሩ ተበርግዶ አገኘው። "አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አልተለወጥክም" አለና ሳቀ።

ለማያውቁን ላስተዋውቅ። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ማንዌላ የጓደኛዬ ትክክለኛ ስም አይደለም፣ የወፍጮ ቤት ስሙ ነው። ማንዌላ በሚባለው የብረት እጀታ ሞተሩን በእጅ እያዞረ የሚያስነሳው እሱ ስለነበረ ሐጂ አወጡለት፣ በኋላ እናቱ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩት ጀመር። እኔን "ጸሐፊ" ይሉኝ ነበር። ሚዛኑንና የዱቤ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሐጂ የወፍጮው ባለቤት ናቸው፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለታችንም ጉርምስናችንን የጨረስነው እሳቸው ዘንድ ነው፣ በ1970ዎቹ። ከዚያ እኔ ወደ መምህርነቱ ሄድኩ፣ እሱ ኮምቦልቻ ወርዶ ጋራዥ ገባ። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ ሆነ።

አሁን ምን አመጣችሁ ካላችሁ፣ የሐጂ ልጅ ቤቱን የእህል መጋዘን ሊያደርገው ፈልጎ ሞተሩን ለብረት ነጋዴ ሊሰጠው ነበር። ማንዌላ ይህን ሰምቶ ደወለልኝ። "በኪሎ ሊሸጡት ነው" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው የለ። በማግስቱ ከደሴ ሚኒባስ ያዝኩ።

ልጁ ቅር አላለውም። ከተነሳ ይቀመጣል፣ ካልተነሳ ይሸጣል፣ ተስማማን። ቀነ ገደባችን ረመዳን ሳይገባ ነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ነው የሚገቡት። በዚህ ዕድሜያችን በባዶ ሆድ ቮላኖ፣ የሞተሩን ከባድ መዘውር፣ ማሽከርከር አይሞከርም።

ውስጡ አቧራ፣ የሸረሪት ድርና የዶሮ ኩስ ነው። ሞተሩ ግን በሲሚንቶ መሠረቱ ላይ እንደቆመ አለ። ሊስተር የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። አንድ ሲሊንደር አለው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ከባድ ቮላኖዎች። ስሙ የተጻፈበትን ሳህን ናፍጣ በነከረ ጨርቅ ስጠርገው ፊደሉ ብቅ አለ። የተሠራበት ዱርስሊ፣ እንግሊዝ። ጉልበቱ 6 ፈረስ። ፍጥነቱ ላይ ስደርስ ማንዌላ ከኋላዬ "650" አለኝ። እውነትም በደቂቃ 650 ዙር ይላል። የዛሬ ሞተር ሺህና ሺህ ዙር በሚጮህበት ዘመን ይህ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ለዚህም ነው ዕድሜው የሚረዝመው ይላል ማንዌላ። ሕንዶቹ ራጅኮት ውስጥ አስመስለው የሚሠሩት አለ፣ መለዋወጫም ከተገኘ ከዚያ የመጣ ነው የሚሆነው።

ቮላኖው ላይ ሁለታችን ተንጠለጠልንበት። ንቅንቅ አላለም። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ነክሷል፣ ዝጎ ተጣብቋል ማለት ነው።

"አብሽር" አለኝ ማንዌላ። ለራሱም ጭምር ይመስለኛል።

ጥር 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ ወጥቼ ስደርስ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ብቻውን አውርዶ ጨርሷል። ቡሎኖቹን በተራ አስቀምጧቸዋል፣ እያንዳንዱ የወጣበትን ቦታ እንዲያውቅ። ይህን ያስተማሩት ሐጂ ናቸው። አንዷን ዳዶ ያለቦታዋ ካስቀመጥክ ቁርስ የለም ነበር።

ሲሊንደሩ ውስጥ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ቀላቅለን ሞላንበት። ለሳምንት ይዘፈዘፋል። ከዚህ በላይ ዛሬ የሚሠራ ነገር የለም፣ መቸኮል ብረት ይሰብራል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን፣ ጫወታው ከዚህ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንዌላ የሚያስታውሰው ማሽኑን ነው። የትኛው ወር ላይ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ብረት) ተቀየረ፣ ቺንጋው (ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቀበቶ) የተበጠሰው ማን ሲያስፈጭ ነው፣ ናፍጣው ውሃ የገባበት ጊዜ ሞተሩ ምን ዓይነት ሳል ሳለ፣ ሁሉንም ይነግርሃል። ሰው ግን አያስታውስም። እኔ የማን ልጅ ማንን አገባች፣ ማን ዱቤውን ሳይከፍል አገር ለቀቀ፣ ማን ጤፉን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ መጣ፣ ይህን ነው የምነግርህ። ስለ ቺንጋው ብትጠይቀኝ ጥቁር ነበር እላለሁ።

ሰዎች ስለ ጉርምስና ሥራቸው ሲያወሩ ሁሉ ነገር ደስ የሚል ያደርጉታል። የኛ እንደዚያ አልነበረም። ጠዋት ማታ አቧራ ነው። ማታ ስትተኛ ጆሮህ ውስጥ ሞተሩ ዱብ ዱብ ማለቱን አያቆምም። የዱቄቱ ብናኝ ቅንድባችንን አንጥቶት ነበር፣ ልጃገረዶቹ "ሽማግሌዎቹ" ይሉን ነበር፣ ያኔ 20 ዓመት አልሞላንም። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ሰሞን ደግሞ አፈሳ ሲመጣ የምንደበቀው ቺንጋው በሚያልፍበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሞተሩ እየሠራ! ቺንጋው ከጭንቅላትህ በላይ ይፏጫል፣ አንተ በሆድህ ተኝተሃል። ሐጂ ደግሞ በር ላይ ቆመው ለታጣቂዎቹ "የምን ልጅ? ብቻዬን ነኝ" ይላሉ፣ ወንፊትና ቁና እያነሱ። እኔ ይህን ሳወራ ማንዌላ አቋረጠኝ። "ሞተሩማ ጠፍቶ ነበር" አለ። "ሐጂ ናቸው ያጠፉት። ጠፍቶ ባይሆን ትሞት ነበር።"

እንግዲህ ማን ልክ ነው? የኔ ጆሮ ቺንጋው ሲያፏጭ ሰምቷል። እሱ ደግሞ ሞተሩን በተመለከተ ተሳስቶ አያውቅም። ተውነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ተላቀቀ!

ዘይቱ ግማሹ ወደ ታች ሰርጎ አደረ። ማንዌላ የዋንዛ ቁራጭ በፒስተኑ ልክ ጠርቦ ይዞ መጣ። እንጨቱን ፒስተኑ ላይ አስቀምጦ በትልቁ መዶሻ ይመታል፣ ይህ ምት ግን ኃይለኛ አይደለም፣ አጭርና ተደጋጋሚ ነው። እኔና የሐጂ ልጅ ቮላኖውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እንወዘውዛለን። ብዙ ቆየን። ላብ በላብ ሆነን ሳለ ከውስጥ "ቀጭ" የሚል ድምፅ መጣ፣ ቮላኖው አንድ ጣት ያህል ሄደ። ማንዌላ መዶሻውን ጣለ። ከዚያ በኋላ የሄደው በእጅ ነው።

ፒስተኑን አወጣነው። ፋሻዎቹ፣ ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች፣ ከቦታቸው ተጣብቀዋል፣ አንዱ ተሰብሯል። ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የዝገት ክብ አለ፣ ጥፍርህን ስታሳልፍበት ይሰማሃል፣ ግን ጥልቅ አይደለም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በዘይት እየፈተገ አለሰለሰው። "ይጠጣል" አለ፣ ዘይት ማለቱ ነው። "ጠጥቶም ይሠራል።"

ረቡዕ ላይ የገባች አጭር ማስታወሻ

ፋሻ ደሴ ጠፋ። ኮምቦልቻ አንድ ሱቅ ውስጥ ተገኘ። ዋጋውን አልጽፍም፣ ባለቤቴ ይህን ታነባለች።

የቴስታታውን ጋርኒሲዮን፣ ማሸጊያውን ማለቴ ነው፣ ግን የሚሸጥ የለም። ማንዌላ የመዳብ ላሜራ ገዛና ራሱ ሠራው። ላሜራውን ብረቱ ላይ አስተኝቶ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርገዋል፣ መዳቡ በራሱ ጠርዙን ተከትሎ ይቆረጣል። ከዚያ በእሳት አግሎ ቀይ ሲሆን ውሃ ውስጥ ነከረው። እኔ ይጠነክራል ብዬ ነበር። ብረት ቢሆን ይጠነክራል፣ መዳብ ግን በዚህ ይለሰልሳል። ለስላሳ ካልሆነ አይታተምም፣ ጭስ ያስወጣል። ይህን ያህል ዓመት አስተማሪ ሆኜ ይህን ከእሱ ሰማሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ድንጋዩ ነው። ሞተሩ ቢነሳም ድንጋዩ ካልተወቀረ ዋጋ የለውም።

ለማታውቁ፣ የወፍጮ ድንጋይ ሁለት ነው። አንዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ አንዱ ይዞራል። ፊታቸው ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄድ ቦይ አለ፣ እህሉ በዚያ እየተቆረጠ፣ እየደቀቀ ወደ ውጪ ይገፋል። ቦዩ ሲያልቅ ድንጋዩ ይለሰልሳል። ያኔ መፍጨቱ ይቀርና ማሸት ይሆናል፣ ዱቄቱ ግሎ ይወጣል። የጋለ ዱቄት ደግሞ ሴቶቹ በአፍንጫቸው ነው የሚያውቁት። ዱቄት አቃጠላችሁ ብለው ይጮሁብናል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም ይላሉ።

የሚዞረውን ድንጋይ በክሪክና በጣውላ አንስተን ገለበጥነው። ፊቱ ጥርስ የለውም፣ መዳፍህን ብታስኬድበት ይንሸራተታል። መውቀሪያውን ማንዌላ ለእኔ ሰጠኝ። ድሮ አይሰጠኝም ነበር፣ "ጸሐፊ እጁን እንዳይቆርጥ" ይለኝ ነበር። ጀመርኩ። ሹል ጫፉ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ደቃቅ ፍንጣሪ ይዘላል፣ ዓይንህን ጨፍነህ ትመታለህ። መስመሩን ከሰል ይዞ ያሰመረልኝ እሱ ነው። በየመስመሩ ትንንሽ ጉድጓድ እያስከተልክ መሄድ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም የሚጠይቀው፣ ትዕግሥት ነው።

ከግማሽ ቀን በኋላ የግራ እጄን ጀርባ አየሁት። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ቆዳዬ ውስጥ ገብተዋል፣ ከመውቀሪያው የተፈናጠረ ብረት ነው። ማንዌላ የሱን እጅ አጠገቡ አመጣ። በሱ እጅ ላይ ያሉት ሰማያዊ ሆነዋል፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው የቀሩ። እስከ ዛሬ ምን እንደሆኑ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ድንጋዩን ስንወቅር ድምፁን ሰምተው ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት መጡ። ዕድሜያቸው ከ80 ይበልጣል። በር ላይ ቆመው አዩንና "እናንተ ልጆች፣ ናፍጣ ገባ እንዴ?" አሉ። ሁለታችንም 60 አልፈናል።

"ኧረ ገና ነው እማማ" አልኳቸው።

ተቀምጠው አወጉን። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ መብራት ጠፋ፣ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎቹ ሁሉ ቆሙ። ማሽላው ቤት ውስጥ አለ፣ ዱቄት ግን የለም። ልጆች እህል በአህያ ጭነው የናፍጣ ወፍጮ ያለበት ድረስ ይሄዱ ነበር። እሳቸው ደግሞ ከጓሮ የተጣለውን መጅና የድንጋይ ወፍጮ አጥበው በእጃቸው ፈጩ። "በደርግ የተውኩትን በስተርጅና" አሉ። ከዚያ ወደ ሞተሩ በአገጫቸው እያመለከቱ "ይኼ ቆሞ ነበር እኮ፣ እዚሁ፣ አንድ የሚያስነሳው ሰው ጠፍቶ" አሉን።

ማንዌላ ይህን ሲሰማ ሥራውን አቆመ። ያን ጊዜ እሱ ኮምቦልቻ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ። ምንም አልመለሰላቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ቀነ ገደቡ መቀለድ ተወ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ቫልቮቹን በእጅ እያሸን አስገጠምን፣ ቴስታታው ገባ፣ የመዳቡ ጋርኒሲዮን ልክ ተቀመጠ። የማቀዝቀዣው በርሜል ታችኛው ክፍል በስቶ ስለነበር ሌላ በርሜል ተገዛ። የሊስተር ማቀዝቀዣ ቀላል ነው። የጋለው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል፣ ፖምፓ የለውም። ውሃው በጀሪካን በአህያ መጣ፣ የአህያዋ ባለቤት ሞተሩ ሲነሳ እንድንጠራው አስምሎን ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የዱቄት መውረጃውን ላጸዳ ገባሁ። አሮጌ ነው፣ የእንጨት ነው፣ ጎኑ ላይ በሚስማር የተመታ የቆርቆሮ ጥፍጥፍ አለ። በጨርቅ ሳሸው ቀለም ወጣ። ሰማያዊና ቀይ ነበር፣ አሁን ሐምራዊ የሚመስል ነገር ሆኗል። ትንሽ ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት እጆች ሲጨባበጡ ታየኝ። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው! ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው፣ በ77።

ማንዌላን ጠራሁት። "የመታሁት እኔ ነኝ" አለ ወዲያው። "ሚስማሩን አየው፣ የፈረስ ጫማ ሚስማር ነው። ሌላ አልነበረም።"

77ን እንዲህ ሆነን ነው ያነሳነው። ሁለታችንም በራሳችን አናነሳውም ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወፍጮው ዝም አለ፣ የሚፈጭ ነገር የለማ። ሐጂ በየማለዳው ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ያስነሱትና ያጠፉት ነበር። እንዳይነክስ ነው ይላል ማንዌላ። እኔ ግን ሰው ሞተሩን እንዲሰማ ብለው ይመስለኝ ነበር። የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ስለገጠሙበት ሩቅ ይሰማ ነበር፣ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ። ከዚያ የእርዳታ ስንዴ መጣና ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ስንዴ ለማያውቅ ሰው ስንዴ ሰጡት፣ እዚህ አካባቢ ሰው የለመደው ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ ነው።

እዚህ ላይ ተጣላን። እኔ ሐጂ ለእርዳታ ስንዴ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር አልኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ደብተሩ ላይ ባዶ መስመር ነበር። ማንዌላ "ታዲያ ናፍጣው ከየት ይመጣ ነበር፣ ከሰማይ?" አለ። ናፍጣ በራሽን በነበረበት ጊዜ ሊትሯን የሚቆጥረው እሱ ነበር። ድምፃችን ከፍ አለ። የሐጂ ልጅ ያኔ ሕፃን ነው፣ አያውቅም። ደብተሮቹ ያሉበትን ሳጥን አመጣልን፣ ስንከፍተው አይጥ ሲጨርሰው የተረፈው ሽፋኑ ብቻ ነው።

እማማን ጠየቅናቸው። ሳቁብን። "ሁለታችሁም አታውቁም" አሉ። "ከየጭነቱ አንድ ጣሳ ዱቄት ይቀንሱ ነበር። ማታ ማታ ሦስቱን እጅ ደሴ ልከው ያሸጡና በሱ ናፍጣ ይገዛ ነበር። አራተኛው ምንም ለሌለው ነው። እኔ ነበርኩ የማከፋፍለው፣ ጨለማ ሲሆን፣ የሚቀበለው እንዳያፍር።"

እኔ ሚዛኑ ላይ፣ እሱ ሞተሩ ላይ። ጣሳዋን ማናችንም አላየናትም። ማታ ከሥራ ስንወጣ ቀጥታ ወደ እንቅልፍ ነበር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ የማስነሻው ቀን ነው። ሰው ተሰብስቧል፣ ያልተጠራም መጥቷል። አንዱ ወጣት በስልኩ ሊቀርጽ ቆሟል።

መጀመሪያ አየር ማስወጣት ነው። ናፍጣው ከጋኑ በፊልትሮው አልፎ ፖምፓው ጋ እስኪደርስ፣ አረፋ እስኪያልቅ ቡሎኗን ፈታ አድርጎ ያንጠባጥበዋል። ከዚያ ፖምፓውን በእጅ ይገፋዋል። እዚህ ላይ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኘ። ጆሮውን ቴስታታው ላይ ለጥፎ ገፋ። ምንም። እንደገና ገፋ። ምንም። ኢንጄክተሩ ናፍጣውን በትክክል ከረጨ ከውስጡ ቅርርር የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል፣ አሮጌ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ዓይነት። እሷን ካልሰማህ ማንዌላ ብታዞር ሆድህን ማሳመም ነው። አወጣው፣ ፈታው፣ ጫፉን በናፍጣ አጠበው፣ መለሰው። ገፋ። ቅርርር።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። እማማ ከኋላ እልል አሉ፣ ገና ሳይነሳ።

አነሳሱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዛሬ የሚያውቀው ሰው እያለቀ ነው። የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ማንሻ አለ። እሱን ታነሳለህ፣ ሲሊንደሩ አየር አይዝም፣ ቮላኖው ቀሎ ይዞራል። ማንዌላውን ሰክተህ ታዞራለህ፣ ቀስ ብለህ ጀምረህ እያፈጠንክ። አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ነው የምታደርገው፣ እጀታውን ጠቅልለህ አትይዝም፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ ጣትህን ይዞት ይሄዳል። ቮላኖው በቂ ፍጥነት ሲይዝ ሌላ ሰው ማንሻዋን ይጥላታል። ያኔ አየሩ ይታመቃል፣ ይግላል፣ ናፍጣው ይቀጣጠላል። ካንዴላ የለ፣ ባትሪ የለ። ማንዌላውን ወዲያው ነቅለህ ዞር ማለት ነው።

ድሮ ማንሻዋን የምጥለው እኔ ነበርኩ። ደብተሩን አስቀምጬ እመጣለሁ፣ እሱ "በል!" ሲል እጥላለሁ፣ እመለሳለሁ። ወጣቱ ላዙርልህ ብሎት ነበር፣ ማንዌላ አየት አድርጎት ጃኬቱን አወለቀ።

ያዞር ጀመር። ትከሻው ላይ ያለው ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ስልቱ ግን ያው ነው፣ ከወገቡ ነው የሚያዞረው። ፊቱ ቀላ። "በል!" አለ።

ጣልኳት።

አንድ ጊዜ ሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቆመ። ደግሞ አዞረ። "በል!" ጣልኩ። ዱብ። ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ቮላኖው በራሱ እየዞረ። ዱብ። ደግሞ ዱብ። ጭሱ ከነጭ ወደ ግራጫ ሄደ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። መሬቱ በጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ጮኸ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ የአህያዋ ባለቤት ሮጦ መጣ፣ "ጥሩኝ አላልኳችሁም!" እያለ።

ማንዌላ አልጨፈረም። ማንዌላውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጮክ ብሎ የሆነ ነገር ተናገረ፣ በጩኸቱ አልሰማሁትም። "ምን?" አልኩት። ጠጋ ብሎ ጆሮዬ ላይ "ግራ ኩሽኔታው ይጮሃል" አለኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ከኮምቦልቻ የመጣው።

የካቲት 21፣ አርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፈጨን።

በመጀመሪያ ያለፈው ርካሽ ገብስ ነው። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ዱቄት አይበላም፣ ለዶሮ ይሰጣል። ሁለተኛው ላይ የእማማ ማሽላ ገባ። ድንጋዩ ገና ስላልተስተካከለ መጀመሪያ ወፍራም ወጣ። ማንዌላ ብሎኑን ሩብ ዙር አጠበቀው። እማማ ከመውረጃው በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ "ትንሽ አጥብቀው" አሉ። ደግሞ ሩብ። ቆነጠሩ። ዝም አሉ። ቁናቸውን አስጠጉ።

የሰው ሰልፍ አልነበረም፣ እንዳታጋንኑብኝ። መብራት አለ፣ ከተማው ላይ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሞልቷል፣ ከኛ ይፈጥናል፣ ከኛ ይረክሳል። የመጡት ጥቂት ጎረቤቶችና ነገሩን ለማየት የፈለጉ ናቸው። አንድ ልጅ የወፍጮው ጉሮሮ ላይ እህሉ ሲያልቅ ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ጠየቀኝ። ሐጂ ውጪ ቡና እየጠጡ "ባዶውን ነው!" ብለው ሲጮሁ ትዝ አለኝ፣ ግን ሲብራራ አላውቅም፣ ወደ ማንዌላ ላክሁት። እሱም ዓይንህን ጨፍን አለውና አስጠበቀው። እህሉ ሲያልቅ ሞተሩ ሸክሙ ይቀለዋል፣ ምቱ ይለሰልሳል። ልጁ ጨፍኖ ቆየና "አሁን!" አለ። ቀድሞ ነበር የጮኸው። ሁለተኛው ላይ አገኘው።

የሐጂ ልጅ ሞተሩን እንደማይሸጠው ነገረን። መጋዘኑን ከጎን ይሠራል። በየወሩ አንድ ቀን እንዲነሳ ተስማማን፣ እንዳይነክስ። የሚያስነሳው ያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠው ልጅ ነው፣ እስኪለምድ ማንዌላ ይመጣል።

የቀሩ ነገሮች አሉ። የግራው ኩሽኔታ መቀየር አለበት። ቺንጋው አርጅቷል፣ ሸክም ሲበዛበት ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፣ ለጊዜው ሬንጅ ቀባንለት። ዘይት በታችኛው ክዳን በኩል ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ጣሳ አስቀምጠናል። ጣራው ላይ ሁለት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፣ ክረምት ሳይገባ። ኩሽኔታውን እሱ ኮምቦልቻ ይፈልጋል፣ ቆርቆሮውን እኔ ከደሴ እልካለሁ፣ ቺንጋው ከዒድ በኋላ ይሁን ተባብለን ተለያየን።